ለማዕበል ቀን አራት ቃል

ስቬሎያ ደሴት፣ ማርች 4 ቀን 1996

ለአጎቴ የልጅ ልጅ ለቱሪድ፣

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ ጤናሽ ተጠብቆ፣ ሥራሽ ቀንቶሽ፣ የጎተንበርግም በረዶ ከኛው ቀለል ብሎልሽ እንድታገኝሽ ምኞቴ ነው። እኛ ደህና ነን። ደህና ስል እኔን ማለቴ ነው፤ አስላውግ ግን ልቧ እንደ ድሮው አይደለም። ባለፈው መኸር ሁለት ጊዜ ከወጥ ቤቱ ወለል ላይ አንስቻታለሁ። ከባሕሩ ማዶ ያለችው የሃልስኔስ ሐኪም ዶክተር ሬይዱን «ደሴት ላይ መኖርሽን አልወደውም» ብትላት፣ ባለቤቴ «እኔ ደግሞ ሃልስኔስን አልወደውም» ብላ መለሰችላት። በመጨረሻ ተስማሙ። ደረቷ ሲጨንቃት ወዲያው ትደውላለች፣ ሐኪሟ በስልክ ታረጋጋታለች፣ ካስፈለገም ፈጣኗን ጀልባ ትልክላታለች። ስልኩ እስከሠራ ድረስ አስላውግ ቤቷ ትኖራለች። አንድ ቀን ፈልጋው ካጣችው ግን ሃልስኔስ የአረጋውያን ቤት ትገባለች። ቃል ተገባብተዋል፤ አስላውግ ደግሞ ቃሏን አታጥፍም፣ ያ ነው የሚያሳስበኝ።

ስልኩን ባሕር አሻግሮ የሚያመጣልን ቫርደን ጉብታ ላይ ያለው የማይክሮዌቭ ሬድዮ መሆኑን ታውቂያለሽ። ጠባቂው እኔ ነኝ። ተማሪ ሳለሽ በዕረፍትሽ ተከትለሽኝ ትወጪ ስለነበር ሥራዬን ማስረዳት የለብኝም። ሰማዩ ጥርት ሲል የጉልበቱን ማዞሪያ ዝቅ አድርጌ ባትሪ እቆጥባለሁ፤ እርጥብ በረዶ ሲመጣ ወጥቼ ከፍ አደርገዋለሁ። ሙያዬ ይኸው ነው፤ እስከ ዛሬም አላሳፈረኝም።

አሁን ኩባንያው አሮጌውን አንስቶ አዲስ ሊተክል ነው። የዓሣ ፋብሪካው ብዙ መስመር ፈልጓል፣ ትምህርት ቤቱም ኮምፒውተር ገብቶለታል። ሊለካ የመጣው ሰውዬ ሬድዮው የጎተንበርግ ሥራ ነው ሲለኝ፣ እንግዲያውስ የምጠይቀው ሰው አለኝ አልኩ። ንገሪኝ እስቲ፣ ይህ ነገር ከበረዶ ጋር ይስማማል? ለአስላውግ ይሆናታል?

እሷ ደግሞ ያን ሰማያዊ የሱፍ ክር ከዚያው ላኪልኝ ትላለች። ሹራቡ እጅጌው ላይ ቆሞባታል። የማን ሹራብ እንደሆነ ብጠይቃት አልነግርህም አለችኝ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።
ኢንግቫልድ


ጎተንበርግ፣ ማርች 21 ቀን 1996

ለአጎቴ ኢንግቫልድና ለአክስቴ አስላውግ፣

ሰላማችሁ ይብዛልኝ፤ ከቤታችሁ ሙቀት፣ ከጀልባችሁም ዓሣ አይጥፋ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ገና ኮቴን ሳላወልቅ ነው፣ የምመልሰውም እንደዚያው ሆኜ ነው። አዎ፣ ሬድዮው የኛ ነው። እንዲያውም ልኩራራብዎት፤ ምልክቱን አጎልብቶ ወደ አንቴናው የሚገፋውን ክፍል፣ ማጉያውን፣ ከሠሩት ጥቂት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። አጎቴ ጉብታው ላይ ሲወጡ ሥራዬን ሊያዩት ነው ብዬ ሳስብ ልክ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

ለጥያቄዎ መልስ እነሆ። አሮጌው ሬድዮ አራት መብራት እንዳለው ሰሌዳ ነው። በየቅጽበቱ አንዱን ያበራል፤ ማዶ ያለው ደግሞ የትኛው እንደበራ አይቶ መልእክቱን ይረዳል። አዲሱ ሰሌዳ ላይ ግን መቶ ሃያ ስምንት መብራት አለ። ስለዚህ በአንድ ብልጭታ ብዙ ይናገራል። ሞዱሌሽን የምንለው ይህንኑ የአነጋገር ስልት ነው። ሆኖም መብራቶቹ ሲበዙ ይጠጋጋሉ፣ ደግሞም አንዳንዱ ደማቅ አንዳንዱ ደብዛዛ ይሆናል። ማጉያው ሙሉ ጉልበቱን ልጠቀም ካለ ደማቆቹ ይጨፈለቁና ሁሉም ይደባለቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከጉልበቱ በጣም ዝቅ አድርገን እናሠራዋለን። አክስቴ አስላውግ ጀልባ ላይ የዓሣ ሾርባ ስታድል ሳህኑን እስከ አፉ አትሞላውም አይደል? እንዳይፈስ ቦታ ትተዋለች። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

የዚህ ዋጋው በኤሌክትሪክ ነው። ማጉያው ሙሉ ሠራም አልሠራም ያንኑ ያህል ይበላል፤ ከበላው ውስጥ ወደ አየር የሚወጣው ከአሥር አንድ እጁ እንኳ አይሆንም፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አሮጌው ሳህኑን ጢም አድርጎ ስለሚሞላ በበላው ልክ ይሠራ ነበር። ኩባንያው ይህን ስለሚያውቅ ባትሪ ይጨምራል፣ በነፋስ የሚዞረውን ጀነሬተርም በትልቅ ይለውጣል። ስለዚህ አይስጉ።

ክሩን አገኛለሁ። ምናልባትም በጋ ላይ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

የምትወዳችሁ፣
ቱሪድ


ስቬሎያ፣ ጁላይ 19 ቀን 1996

ለውድ ቱሪድ፣

የበጋው ብርሃን ባለሽበት ይድረስሽ፤ ጌታ እጅሽን ይባርክ።

ክሩ አልመጣም፣ አንቺም አልመጣሽም፤ ሬድዮው ግን መጣ።

የተከሉት ሁለት ጎረምሶች ናቸው። ጎበዞች ናቸው ግን ጀልባዋ እንዳታመልጣቸው ልባቸው ቆሟል። ዕቃቸውን ሲሸክፉ አንደኛውን «የጉልበት ማዞሪያውስ?» አልኩት። «እዚያው አለ» አለኝ። እውነትም እዚያው ነበር፤ ያው ጥቁሩ፣ ያው ቦታው። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ብለው «ሁሉም ልክ ተደርጓል፣ ምንም አያስፈልገውም» ብሎኝ ቁልቁል ሮጠ። እኔም ጥሩ፣ ለዛሬ አያስፈልገውም ማለት ነው ብዬ ቤቴ ገባሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ማጉያሽ። ልጄ፣ ሬድዮው ያለባት ያቺ ጎጆ እንዲህ ሞቃ አታውቅም። ካልሲዬን እዚያ ነው የማሰጣው። የባለጀልባው የፔደር በጎች ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ይተኛሉ፤ ፔደር ራሱም የጀልባ ሥራ ሲያጣ አብሯቸው ሊተኛ ምንም አልቀረው። አስላውግ ወሬውን ስትሰማ «ቱሪድ የሚናገር ምድጃ ሠርታለች በለኛ» አለች። ሳቋ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ሳሏ ሲበዛ ግን ሳቄን አቆምኩ።

ጨዋታውን ልተወውና፣ ጀነሬተሩ ነፋስ ባጣ ቁጥር ለመጠባበቂያው ሞተር ናፍጣ ተሸክሜ እወጣለሁ። ድሮ በጋ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ፋብሪካው ደስ ብሎታል፣ ልጆቹም ደስ ብሏቸዋል፤ ባትሪዎቹ ግን ደስ አላላቸውም። ሐኪሟ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ለዚህ አመሰግንሻለሁ።

ኢንግቫልድ


ጎተንበርግ፣ ኦገስት 30 ቀን 1996

ለውድ አጎቴ፣

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ ሁሉ። ክሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጥቅል መጥቷል። ቀለሙ ትንሽ ይደምቅ ይሆን? ሻጯ ያው ነው ብላ ማለችልኝ።

የምድጃዋን ነገር ለሥራ ባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ግን ትንሽ ከነከነኝ። ሁለት ዓመት የደከምኩበት ነገር የበግ ማሞቂያ ሲሆን አይከነክንም? እውነቱን ለመናገር አክስቴ ልክ ናት። ብዙ ለመናገር ስንል ብዙ እናቃጥላለን። ደንበኞች የሚጠይቁን በሰከንድ ስንት ያሳልፋል ብለው ነው፤ ስንት ይበላል የሚለውን ያነሳብኝ ሰው እስካሁን እርስዎ ብቻ ነዎት።

ዘንድሮ በጋ ሳልመጣ መቅረቴን ሆዳችሁ እንዳይዝብኝ። ኤግዚቢሽን ነበረብን። የገና በዓልን ከናንተ ጋር ለማሳለፍ እሞክራለሁ።

ቱሪድ


ስቬሎያ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1996

ለቱሪድ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ክሩ ደርሷል።

የአየሩ ጠባይ ከፍቶ ሰነበተ። አስላውግ ለጊዜው ሃልስኔስ እህቷ ዘንድ ናት። ሹራቡ ለጊዜው ቆሟል።

እንዲያው ለማወቅ ያህል አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እርጥብ በረዶ ሲጥል አንድ ሰው የአዲሱን ሬድዮ ማዞሪያ እንደ ድሮው እስከ ላይ ቢያዞረው ምን ይሆናል?

ኢንግቫልድ


ጎተንበርግ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1996

ለውድ አጎቴ ኢንግቫልድ፣

ሰላምዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። የአውሮፕላን ሰዓት ስለደረሰብኝ በአጭሩ ልመልስ፤ ጥያቄዎ ግን የባለሙያ ጥያቄ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት እሱ ነው። አሮጌው ላይ ጉልበት መጨመር ይረዳል፤ አዲሱ ላይ ግን ማጉያው ያን የተውንለትን ቦታ ይጨርስና ደማቆቹ መብራቶች እርስ በርስ ይደባለቃሉ። ማዶ ያለው ሬድዮ በረዶ አስቸግሮት በግድ የሚያየውን ጭራሽ ሊለየው አይችልም። የታመመ መስመር ላይ ጉልበት ከጨመሩበት መግደል ነው። ደግነቱ ይህን የሚያደርግ ሰው የለም፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል።

አክስቴ ከእህቷ ጋር መዝናናቷ ደስ ብሎኛል። ገናን መምጣት የምችል አይመስለኝም፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ቃሌ ነው።

ቱሪድ


ጎተንበርግ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1997

ለአጎቴ ኢንግቫልድ፣

ቸሩ ጌታ ብርታቱን ይስጥዎ። ሁለት ወር ያህል መልስ ስጠብቅ ነበር። የመጣልኝ ግን የአክስቴ የገና ካርድ ነው። ከበስተኋላው ያለው አድራሻ የእህቷ ቤት አይደለም፤ የሃልስኔስ የአረጋውያን ቤት ነው። በትንንሽ ፊደል «ሾርባቸው ጨው የለውም፣ ኢንግቫልድ ግን በየሳምንቱ ይመጣል» ብላ ጽፋለች።

ከዚያ የኖቬምበሩን ደብዳቤዎን አውጥቼ አነበብኩት፤ የኔን መልስም አስታወስኩ። መግደል ነው ብዬ ጻፍኩ። ይህን የሚያደርግ ሰው የለም ብዬ ጻፍኩ። አጎቴ፣ በራሴ አፈርኩ። ቢሮዬ ውስጥ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ያን ዕለት የሆነውን አልጠይቅዎትም። እኔ የማውቀውን ልንገርዎ። እርስዎ ለዓመታት በረዶ ሲመጣ ጉልበት ጨመሩ፤ በጨመሩ ቁጥርም ስልኩ ዳነ። ልክ ነበሩ። እኛ መጥተን የማዞሪያውን ትርጉም ገለበጥነው፣ ማዞሪያውን ግን በዚያው ቀለም እዚያው ቦታ ላይ ተውነው። መመሪያውንም ደሴቲቱ ላይ ማንም በማያነበው ቋንቋ ሳጥን ውስጥ ከተትነው። ይህ የጠባቂ ስህተት ነው የሚለኝ ሰው ካለ ከኔ ጋር ነው የሚጣላው።

አሁን የኔ ተራ ነው፣ ልለምንዎት። ሳስታውስ፣ ነፋሱ ጆሮ የሚነሳ ዕለት በጀልባውና በመድረሻው መካከል የሚጠሩ ቃሎች ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ከነዚያ ሌላ ቃል ስጮህ አክስቴ ቆጥታኝ ነበር። የትኞቹ ናቸው? ይጻፉልኝ። ለምን እንደፈለግኋቸው ገና ራሴም በደንብ አላወቅሁም።

ቱሪድ


ስቬሎያ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1997

ለልጄ ለቱሪድ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ደብዳቤሽን ሃልስኔስ ይዤው ሄጄ ለአስላውግ አነበብኩላት። «ቀድመህ ብትጽፍላት ምን ነበረበት፣ አንተ ግትር» አለችኝ። ስለዚህ ጻፍኩ።

ዓርብ ዕለት ነበር። እርጥቡ በረዶ ከጠዋት ጀምሮ ይጥላል። አስላውግ ደረቷን ጨነቃትና ከሬይዱን ጋር በስልክ ታወራ ጀመር። ድምፁ መንጠባጠብ ሲጀምር «ኢንግቫልድ፣ እየራቀችብኝ ነው!» ብላ ጠራችኝ። ታዲያ እኔ ምን አደርጋለሁ? ሁልጊዜ የማደርገውን ነዋ። ጉብታውን እየሮጥኩ ወጣሁና ማዞሪያውን እስከ ጥጉ አዞርኩት። ደስ ብሎኝ ወረድኩ፤ እመኚኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ስገባ የስልኩን እጀታ እንደያዘች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ከፍ አደረግኸው?» አለችኝ።

«እስከ መጨረሻው።»

«ታዲያ ጭራሽ ጠፋች እኮ።»

ተመልሼ ወጣሁ። ምናልባት አልደረሰ ይሆናል ብዬ እንደገና ልጨምርበት ስል የሚጨመር አልነበረም። ዝቅ ማድረግ በጭራሽ አልመጣልኝም። በረዶ ሲጥል ዝቅ የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም። ፔደር በዓሣ ጀልባው በዚያ ማዕበል አሻገረን። አስላውግ ዳነች፤ ሬይዱንም «ተስማምተን ነበር» አለች። በማዞሪያውም ይሁን በሬድዮው፣ ስትፈልገው ድምፅ አላገኘችም፤ ክርክር የለውም። ለኩባንያውም ነገርኳቸው። ቁልፉን አልወሰዱብኝም፤ ቫርደንን በዚህ ብርድ የሚፈልግ ሌላ ሞኝ የለማ።

አሁን ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ትናፍቀኛለች፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ቃሎቹ አራት ናቸው። ከጀልባው ገመድ የሚወረውር «ያዝ» ይላል። መድረሻው ላይ የቆመው ሲቀልበው «ይዣለሁ» ይላል። ነገር ካልተስተካከለ ከሁለቱም ወገን «ቆይ»። ጀልባው ሲሄድ ተሳፋሪው «ልቀቅ» ይላል፣ የብሱ ላይ ያለው ይለቃል። ከዚያ ሌላ ቃል ማዕበል ላይ አይወጣም። ሌላ ቃል ከለመድሽ ጆሮ ይሳሳታል፣ ጣትም ይቆረጣል። አራቱን ግን በሙሉ ሳንባሽ ትጮኺያቸዋለሽ። አስላውግ መድረሻው ላይ ቆማ «ይዣለሁ» ስትል ሃልስኔስ ድረስ ይሰማ ነበር። ወሬውን ሻይ ላይ እናደርሰዋለን።

ኢንግቫልድ


ጎተንበርግ፣ ጁን 2 ቀን 1997

ለአጎቴ ኢንግቫልድና ሃልስኔስ ላለችው አክስቴ፣

በያላችሁበት ሰላም ሁኑ፤ ቶሎም አንድ ቤት ያግባችሁ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ወደ አለቃዬ ወደ ስቴላን ገባሁና አራቱን ቃላት ሰሌዳው ላይ ጻፍኩለት።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የማዕበል ቀን ሞዱሌሽን ነው። ጥሩ ቀን መቶ ሃያ ስምንቱን መብራት እንጠቀም። በረዶ ሲመጣ ግን ሬድዮው ራሱ ወደ አራት ይውረድ። አራቱ ተራርቀው ስለሚቆሙ በጭላንጭልም ይለያሉ። ማጉያውም ያን ጊዜ ቦታ መተው የለበትም፣ እስከ አፉ ይሙላ።»

«ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ትንሽ የሚናገር ሬድዮ ይገዛል?»

«ብዙ መናገር የሚፈልገው እኮ ፀሐይ ሲሆን ነው፤ ማዕበል ሲሆን ሁሉም የሚፈልገው መሰማት ብቻ ነው።»

እርሳሱን መቅረጽ ጀመረ። ስቴላን እርሳስ ከቀረጸ እያሰበ ነው። «ደንበኛ ወር ሙሉ ከፍሎ መስመሩ በድንገት ቢጠብበትስ? የሚሰደበው እኮ አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ።»

«ይስደቡና! መስደቢያ ስልክ ካላጡ ምን ጎደለብን?»

ሳይወድ ሳቀ። «መሞከሪያ ቦታስ አለሽ?»

«አለኝ፤ በግ የሚሞቅበት።»

አራት ወር ሌላ ነገር አልሠራንም። አሁን ደርሷል። ማዶ ያለው ሬድዮ «ልሰማህ አልቻልኩም» ሲለው ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ አራት ይወርዳሉ። ስልኮች ያልፋሉ፤ ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ ይጠብቃሉ። ባትሪው ሲደክም ወይም ነፋስ ሲጠፋም እንዲሁ ይወርድና፣ መተው ያለበት ቦታ ስለሌለ፣ የማጉያውን ቀለብ ይቀንሳል፤ ናፍጣ ተሸክመው የሚወጡት ቢበዛ ለሽርሽር ያህል ነው። ጎጆዋም ትቀዘቅዛለች፤ በጎቹን ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ማዞሪያውን ነቅለነዋል። ቦታው በክዳን ተደፍኗል። ይህን ስጽፍ ትንሽ ከበደኝ፤ ሙያዎን የነጠቅሁዎት መሰለኝ። ለዶክተር ሬይዱንም ለብቻዋ ጽፌ ሁሉንም አስረድቻታለሁ። አንድ መኸር እንሞክረው ብላለች።

ተካዮቹ በኦገስት ይመጣሉ። እኔ አብሬ ለመምጣት አስቤ ነበር፤ ሥራው አላላውስ አለኝ።

ቱሪድ


ስቬሎያ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1997

ለውድ ልጃችን ቱሪድ፣

ሰላምሽ እንደ ባሕሩ ይብዛ፣ እንደ ባሕሩ ግን አይናወጥ። ይህን የምጽፈው ከጎኔ ሹራብ እየሠራች ነው። ማን እንደሆነች ልነግርሽ አያስፈልግም። ሴፕቴምበር ላይ ነው የመጣችው። ገና መድረሻው ላይ እንደወረደች፣ ፔደር ሁለተኛውን ገመድ ሲወረውርልኝ «እኔ ልያዘው» ብላ ተጣላችኝ።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ማዕበል መጣ። እርጥብ በረዶ፣ ነፋሱም መስኮት የሚገነጥል ዓይነት። ቦት ጫማዬን ሳነሳ አየችኝ።

«ወዴት ነው?»

«እንዲያው ብቅ ብዬ ልየው።»

«ማዞሪያ የለውም እኮ። ክዳኑን ልታየው ነው? ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ቱሪድ፣ እንደዚያ ዕለት ቁጭ ማለት ከብዶኝ አያውቅም። እጆቼን ጭኔ ሥር ከተትኳቸው። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተደበደበ፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ጢሙ ድረስ በረዶ ሆኗል። «ኮምፒውተሬ ቆመ! ምንም አያልፍም!» ይላል። አስላውግ ከወንበሯ ሳትነሳ «ደግ ነው፣ እንግዲያው ስልኬ ይሠራል» አለችው። አንስታ ደወለች። ሬይዱን ብድግ አድርጋ «ምን ሆንሽ?» ስትላት «ምንም። ድምፅሽን ልሰማ ነው» አለቻት። ድምፁ ንጹሕ ነበር። ሰውዬውን ዋፍል አብልተን ሸኘነው። ካሁን በኋላ እሱ ሲጮህ እኛ ሰላም ነን ማለት ነው።

ሙያዬን የነጠቅሽኝ እንዳይመስልሽ። መቀመጥም ሙያ ነው፤ በስተርጅና እየተማርኩት ነው።

አስላውግ «መቼ ትመጣለች?» ትላለች። የእጅጌውን ልክ ማየት አለባት፤ ሹራቡ ያንቺ ነው።

ኢንግቫልድ


ጎተንበርግ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1998

ለተወደዳችሁ፣

መልካም አዲስ ዓመት፤ እንደ ዓመቱ አያርጀን። የሹራቡን ነገር ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። የአራቱ ቃል ሬድዮ ብዙ ቦታ ተፈልጓል፤ ተራራ ላይ፣ በረሃ ውስጥ፣ ባትሪ የሚቆጥብ ሁሉ ይጠይቀናል። ስቴላን የራሱ ሐሳብ እንደሆነ አድርጎ ያወራዋል። እኔ ከከተማ ከተማ እዞራለሁ። ማርች ላይ ጣሊያን ነኝ፣ ኤፕሪል ደግሞ ስብሰባ አለ። በጋ ላይ ግን በእርግጥ እመጣለሁ። አክስቴ እጅጌውን በግምት ትጨርሰው፤ ክንዴ እንደ አባቴ ረዥም ነው።

ቱሪድ


ስቬሎያ፣ ማርች 8 ቀን 1998

ቱሪድ፣

አስላውግ ትናንት አረፈች። ቤቷ ነበረች። ማዕበል ስለነበር ጀልባዋ አልወጣችም። ስልኩ ግን እስከ መጨረሻው ሠራ፤ ሬይዱን ከጆሮዋ አልተለየችም።

ትንፋሽ ሲያጥራት ስልኩን አስቀመጠች። እጇን ይዤ ነበር። ልቀቅ አለችኝ።

ለቀቅኩ።

ሹራቡ አልቋል።

ያዢ።

ኢንግቫልድ


ጎተንበርግ፣ ማርች 12 ቀን 1998

አጎቴ፣

ቅዳሜ በፔደር ጀልባ እደርሳለሁ። መድረሻው ላይ ይቁሙልኝ።

ይዣለሁ።

ቱሪድ